የአራስ ቤት ደጅ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ከብት መከተብ ነበር። በደብረ ኤልያስ ዙሪያ ያለ በሬ ሁሉ ያውቀኛል፤ ሲያየኝ የሚሮጠውም ለዚሁ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሚሸሸኝ እንኳ ጠፋ። ሚስቴም ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የእኔ ብቻ ሆነ። ጠዋት ስነሣ ራሴን "እንዴት አደርህ?" እለዋለሁ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው ያልቅብናል።

ባለፈው ዓመት፣ ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ሉማሜ ያገባችው ልጄ ደወለች። ከእሷ በቀር ልጅ የለኝም። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ እኛ ቤት መጥታ ልትወልድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ባገራችን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እናትየዋ የለችም። አማቷ ደግሞ እዚያው ሉማሜ ሴት የሞላበት ቤት አላት፤ ራሷ አለች፣ ያላገቡ ሁለት ሴቶች ልጆቿ አሉ፣ እህቷም ከጎን ናት። ይህን ሁሉ እጅ ትተሽ ሽማግሌ ቤት ሄደሽ ማን ሊያርስሽ ነው ብላት ነበር አሉ። እውነቷን ነው። እውነቷን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ልጄ ነገሯን ሳትጨርስ "ነይ" አልኋት።

ለምን እንደምትመጣ ጠፍቶኝ አይደለም። ስትደውል ቶሎ አልለቃትም። የማወራው ሲያልቅብኝ ስለ ዶሮዎቼ እነግራታለሁ፤ የእኔ ዶሮዎች ሲያልቁ ስለ ጎረቤት ዶሮዎች። እሷም ዝም ብላ ትሰማኛለች። የምትመጣው ለእኔ ብላ ነበር፤ እኔም እንዳልገባው ሰው ሆንሁ።

ለአራስ የሚያስፈልገውን የምታውቀው ሚስቴ ነበረች። እኔ የማውቀው ለላም የሚያስፈልገውን ነው። ገበያ ወጥቼ ለገንፎ የሚሆን ገብስ፣ አብሽ፣ ማርና ቅቤ ለመግዛት ስዞር አንዲት ቅቤ ሻጭ ከላይ እስከ ታች አየችኝና አራሷ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኋት።

"ሆድዎ አያስታውቅም" አለችኝ።

ከጎኗ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ቅቤውን ሦስት ጊዜ አሽትቼ ሦስት ጊዜ መልሼ፣ ያለ ጉዳይ ቆሜ ቆሜ ነው የገዛሁት። ሰው አጠገቤ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ልጄ መጣች። ሆዷ ቀድሟት በር ገባ። ጤና ጣቢያ የሰጧትን የአይረን ክኒን እንዳትረሳ በየቀኑ የማስታውሳት እኔ ሆንሁ፤ እሷ ረስታው አታውቅም። አዋላጇ በቀን አንድ ማዕድ ጨምሪ ብላታለች፤ እኔ ሁለት ጨመርሁ። የንስሐ አባቷ ከጾሙ ስለፈቱላት እንቁላል እቀቅልላታለሁ። ላም ስትከብድ ምን ምን እንደሚጨመርላት ስዘረዝርላት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ እሷ ላም እንዳልሆነች አስታወሰችኝ። ላም ብትሆኚማ ሥራው በቀለለኝ አልኋት።

አንድ ነገር ግን ደብቄያት ነበር። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ። ክርስትናው ሉማሜ ሊሆን፣ እስከዚያ ግን አራሷ እኔ ዘንድ ልትቆይ ተስማምተናል። ባሏ ወንድ ይመኛል፤ አማቷም እንደዚያው። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እየሄድሁ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ ሴት ትሁንልኝ እላለሁ። ለሴት ልጅ ያለኝ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ከሰማንያው ላይ አርባውን ቀንሼ፣ የተረፈውን አይቼ ነው። እመቤቴ ማርያም ይህን ስሌት እያወቀች ዝም ማለቷ ይገርመኛል።

ሐምሌ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤቴ ባልቴቷ አብራን መጥታ ነበር። ደግ ሴት ናት፤ ስድስት ወልዳ ስድስቱንም አሳድጋለች። ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛለች፤ ሕፃኗን ልታልሳት። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ ማለቴ ነው፣ ቢጫና ወፍራም ስለሆነ ሆድ ይቆርጣል፤ ታልቦ ይፈስሳል አለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ አሳፋሪ ነገር ልናገር። ይህች ልጄ ራሷ የተወለደች ጊዜ እኔ ቤታችን ደጅ ተቀምጬ ነበር። ሴቶቹ እንገሩን እያለቡ ሲያፈስሱት ሰምቻለሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ገበሬ ለጥጃው እንገር ቢከለክል፣ ይህ ጥጃ ካሁን ጀምሮ ቆዳ ነው ብዬ በሰው ፊት አዋርጄው ነበር። ለጥጃው ምላስ ነበረኝ። ለልጄ ሲሆን ግን የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ ጭራዬን ሸጎጥሁ። ልጅቱ እስከ ሦስተኛ ወሯ ስትታመም ከረመች።

ስለዚህ ዘንድሮ "አይፈስስም" አልሁ።

ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። "ኧረ የላም ሐኪም! ደግሞ የሰው ሆንህ?"

ነርሷ ግን ደገፈችኝ። እንገሩ ለሕፃኗ የመጀመሪያ ክትባቷ ነው፤ ቅቤውም ይቅር አለች። ክትባት የሚለውን ቃል ስሰማ ደረቴ ተነፋ። ልጅቷ ሰዓት ሳይሞላት ጡት ያዘች። ቅቤውን እኔ በገንፎ በላሁት።

በነጋታው ቤት ገባን። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያየኋቸው ደጋግ ቀናት ነበሩ፤ ለእኔ ማለት ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ጭስ ቤቱ ባለፈው ክረምት ተደርምሷል፤ ነገ እሠራዋለሁ ስል ሌላ ክረምት መጣበት። ስለዚህ ምድጃውም፣ አራሷም፣ እኔም አንድ ላይ ነን። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት እየመጣች እናትና ልጅን አጥባ፣ ጨርቁን አለቅልቃ ትሄዳለች። ገንፎው የእኔ ነው። ገንፎውን ካበላኋት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ባለው መደብ ላይ እቀመጥና ወሬዬን እጀምራለሁ። የሁለት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞብኛል። ደጅ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ እኔም ከቆርቆሮው በላይ እጮኻለሁ።

ልጄ አንዳንዴ መሐል ላይ ዶሮዎቹን አየሃቸው ወይ ትለኛለች። ደኅና ናቸው ብዬ እቀጥላለሁ። ላሚቱን ውኃ አላጠጣሃትም ትለኛለች። በዚህ ክረምት ውኃው ከሰማይ ይወርድላት የለም ወይ እላታለሁ። ከጎረቤት እሳት ጫር ትለኛለች፤ ክብሪት አሳያታለሁ። አሳቢነቷ ነበር የመሰለኝ።

ሕፃኗ ታለቅሳለች። እናቷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትወዘውዛታለች፤ አሁን ጠብታለች፣ ትተኛለች ትላለች። ከሰዓት በኋላ ልጄ ድክም ሲላት እንቅልፍ ይወስዳታል። ያኔ ሕፃኗ ስታለቅስ እናቷን እንዳትቀሰቅስብኝ ብዬ ብድግ አደርጋታለሁ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ስኳር ጣል አድርጌበት፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ። ዝም ትላለች። ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። መጀመሪያ ሦስት ማንኪያ ነበር፤ ኋላ ግማሽ ስኒ ሆነ። እንገሩን ያስጠጣሁ፣ ቅቤውን ያስከለከልሁ ጀግና ይህን አደረግሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከእጄ የፈለገውን ሲያገኝ ስላየሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሚዛኑን ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠለጠለች፤ ሕፃኗን በጨርቅ አድርጋ ሰቀለቻት። አንዴ አነበበች፤ አወረደቻት፤ መልሳ ሰቀለቻት። ልጅቷ ስትወለድ ሦስት ኪሎ ነበረች። አሁን ከዚያ ሦስት መቶ ግራም ጎድላለች። በዚህ ዕድሜዋ የተወለደችበትን ሞልታ ማለፍ ነበረባት አለች። ሽንቷን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሸና ጠየቀች፤ ልጄ የነገረቻት ቁጥር አልጣማትም። ደግሞ፣ ከጡት ሌላ የምትቀምሰው ነገር እንዳለ ጠየቀች።

"ምንም" አለች ልጄ፣ ተሽቀዳድማ።

ብዙ ጥጃ ሲከሳ አይቻለሁ። ባለቤቱ ፊቴ ቆሞ "እኔ ያጎደልሁት የለም" ሲለኝ ውሸቱን ከዓይኑ ነበር የማነብበው። ያን ዕለት ዓይኔን ምድጃው ላይ ተከልሁ።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

"ምኑን አባባ?"

"ውኃ። ስኳር ጣል አድርጌ። በማንኪያ።"

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሠራተኛዋም አልተቆጣችም። የሕፃን ሆድ የጡጫዋን ያህል ናት፤ በውኃ ከሞላች ለወተት ቦታ አይኖርም፤ ጡቱም ካልተጠባ ወተቱን ይቀንሳል አለች። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አይሰጥም። በሦስት ቀን ውስጥ ካልጨመረች ማርቆስ ሆስፒታል ትሄዳለች። በየጊዜው ያልታለበች ላም ቶሎ እንደምትነጥፍ እኔ ለስንቱ ገበሬ እንዳስተማርሁ አልነገርኋትም። ከዚያ ከልጄ ጋር ለብቻ ልታወራ ፈልጋ ትንሽ ወጣ እንድልላት ለመነችኝ።

ደጅ ጥቂት ቆየሁ። ስትወጣ ጃንጥላዋን ከእኔ በላይ ያዘችው።

"አባባ፣ ጠዋት የት ይውላሉ?"

"እዚህ።"

"ከሰዓትስ?"

"እዚሁ።"

"ዝናብ ሲያባራስ?"

"ቤቴ አይደለም ወይ ልጄ?"

"ታፍርዎታለች" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እርስዎ ፊት ጡቷን ማውጣት ያቅታታል። እስኪወጡላት ትጠብቃለች፤ እርስዎ ደግሞ አይወጡም።"

ዶሮዎቹ፣ ላሚቱ፣ ከጎረቤት የሚጫረው እሳት፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተራ ይዘው መጡብኝ። ልጄ ዐሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ውጣልኝ ስትለኝ ከርማለች። እኔ ወሬዬን እቀጥል ነበር።

መጀመሪያ መጋረጃ ሰቀልን። የድሮ ጋቢዬን ከአግዳሚው ላይ አንጠለጠልሁትና ከወዲያ ማዶ ተቀመጥሁ። አልቻልሁም። "ያዘች?" እላለሁ። ጥቂት ቆይቼ "እየጠባች ነው?" እላለሁ። ጆሮዬ ያን የመምጠጥ ድምፅ ይፈልጋል፤ ልጄ ደግሞ ጆሮዬን ታፍረዋለች። ማታ ማታ የተኛሁ እንዲመስላት ማንኮራፋት ጀመርሁ። ሚስቴ በሕይወት እያለች በእውነት ሳንኮራፋ ስትቀሰቅሰኝ ኖራ፣ ይህን ጉዴን ብታይ ኖሮ ምን ትል ነበር? ልጄ ግን ማንኮራፋቴ የውሸት መሆኑን በሁለተኛው ቀን አወቀች፤ የእውነቱ መሐል መሐል ላይ ይቋረጣል።

ስለዚህ ወጣሁ። ከቆርቆሮው ከፈፍ ሥር በርጩማ አስቀመጥሁ፤ ጃንጥላ ዘረጋሁ፤ ጋቢዬን ከመጋረጃነት አውርጄ ለበስሁት። ጠዋት ገንፎውን ሠርቼ አቀርብና እወጣለሁ። ጎረቤቴ ቤት ገብቼ እንዳልውል፣ ባልቴትና ሽማግሌ አንድ ምድጃ ዙሪያ ሲታዩ መንደሩ ድግስ ይጠብቃል። ግድግዳውን ተደግፌ ስቀመጥ ልጄ ከውስጥ ለሕፃኗ ስታወራላት ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይልኝም። አልፎ አልፎ ትስቃለች። ሰው አጥቼ የለመንሁት ሰው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከጭቃ ግድግዳው ወዲያ ነበር። ሚስቴን የቀበርሁ ሰሞን እንኳ እንደዚያ ብቻዬን አልሆንሁም።

ሕፃኗ ግን ጨመረች። በሦስተኛው ቀን መቶ ግራም፤ በሳምንቱ የተወለደችበትን አለፈች። ሠራተኛዋ ሚዛኑን ስታነብ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ፊቷ ነገረኝ። ለማን ልንገረው? ለላሚቱ ነገርኋት።

ከዚያ ሳል ያዘኝ። የሐምሌ ዝናብ ከፈፍ አያውቅም፤ በጎን ይመጣል። ልጄ ከውስጥ ትሰማኛለች። ግባ ትለኛለች፤ አልገባም እላለሁ፤ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ትወጣለች፤ አራስ በብርድ ስትቆም ማን ያያል፣ እገባለሁ። ስገባ ሕፃኗን ከጡቷ አላቅቃ ትሸፍናለች። ልጅቷ ታለቅሳለች። በዚያ ላይ ሳሌ ወደ ሕፃኗ እንዳይሄድ አፌን በጋቢ አፍናለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛዋ መጥታ ስትመዝናት ልጅቷ አንድ ግራም አልጨመረችም።

ስልክ ጥሩ የሚሰማው ከበረቱ ጀርባ ካለችው ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ወጥቼ ለአማቷ ደወልሁ። መጥታችሁ ውሰዷት አልኋት። ስታሸንፍ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላሸነፈችም። ብቻዬን እንዴት እንደምሆን ጠየቀችኝ። ዶሮዎች አሉኝ አልኋት።

ለልጄ ስነግራት ተቆጣች።

"ሰማንያ ቀን ተባብለን ነበር እኮ አባዬ።"

"እኔ ነኝ ሰማንያ ያልሁት። ሴት እንድትሆን የተሳልሁትም ለዚያ ነው፤ ወንድ ከሆነ በአርባው ይወስዱብኛል ብዬ።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ዓይኗ ሞላ።

"አንተስ?"

"እኔማ ጡት አልጠባ፣ ምን እሆናለሁ?"

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ ሕፃኗ ተነሣች፤ እኔም ወጣሁ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን አማቷ ከልጇ፣ ከልጄ ባል ጋር በኮንትራት ሚኒባስ መጣች። ሕፃኗን እንደ ተላከ ዕቃ ሳይሆን እንደ ቁስል በጥንቃቄ ጠቀለለቻት፤ ያን ሳይ ልቤ ትንሽ አረፈ። የተረፈውን አብሽና ማር አስጫንሁላቸው። መኪናው ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገፋሁ። በሦስተኛው ቢቀረቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተቀረቀረም።

ከሰዓት በኋላ ከልማድ የተነሣ ጋቢዬን ለብሼ ከፈፉ ሥር ተቀመጥሁ። ብዙ ቆይቼ ነው ቤቱ ውስጥ የማፍረው ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ሆኜ የፈለግሁትን ያህል ሳልሁ።

ልጄ በየዐርቡ ትደውላለች። ስለ ዶሮዎቹ ትጠይቀኛለች፤ እኔ የምጠይቃት የሕፃኗን ኪሎ ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ከአራት አለፈች። ስልኩን አሁን ቶሎ እዘጋለሁ፤ ከጀርባ ሕፃኗ ስታለቅስ ከሰማሁ "በይ ሂጂ፣ አጥቢያት" ብዬ እዘጋለሁ።

መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማንያ ቀኗ ሞላ። በማርቆስ በኩል ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሉማሜ ገባሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ፤ አማቷ ግን እጄን ይዛ ወደ ውስጥ፣ ሴቶቹ መሐል አስገባችኝና ሕፃኗን አሸከመችኝ። ከብዳለች። ጉንጯ አንገቷን ሸፍኖታል። ጥቂት አየችኝ፤ ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች፣ ከኮቴ ደረት ላይ ጡት ትፈልግ ጀመር። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

"እዚህስ የለም እናቴ" አልኋት፤ ለእናቷ ሰጠኋት።

ልጄ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስታነሣ ጥቂት ዘገየች። እንዳታፍረኝ ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ መጣሁ አልሁና በሩ አጠገብ ቆምሁ። ከውስጥ የሴቶቹ ወሬና ሳቅ ይሰማል። ጠብታ እስክትጨርስ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ብዙ ቆየች።